የደወሉ ቁርስ

ቤት ሲያረጅ ምስጥ ያፈራል፣ ሰው ሲያረጅ ምክር ያበዛል፣ ትምህርት ቤት ሲያረጅ ደግሞ ባህል ያወጣል። ከሦስቱ የትኛው እንደሚብስ እናንተ ፍረዱ። ምስጡን መድኃኒት ይገድለዋል፣ ምክሩንም "እሺ እማማ" ብሎ ማለፍ ይቻላል። የትምህርት ቤት ባህል ግን ማን እንደጀመረው ሳይታወቅ፣ ለምን እንደሚደረግ ሳይጠየቅ፣ ከታላቅ ወደ ታናሽ ይተላለፋል። መሥራቹን ከመቃብር ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁት እሱም "እኔ ስመጣ ነበር" ነው የሚላችሁ።

እኔ እዚህ ጭሮ በአንድ አሮጌ አዳሪ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጭልፋ ይዤ ቆሜአለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ስም ከጠራሁ ኮሚቴ ይነሣብኛል። የተማርኩት እስከ ሁለተኛ ክፍል ነው። ይሁን እንጂ ዶክተር የሆነውንም፣ ዳኛ የሆነውንም፣ ገለምሶ ላይ ጫት ነግዶ ሁለቱንም መቅጠር የሚችለውንም ያበላሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ስናገር አታቋርጡኝ።

የትምህርት ቤታችን ደወል የመኪና ቸርኬ ነው። ከግቢው መሐል ካለው ጥድ ላይ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ በብረት ይመታል። ሚኤሶ መንገድ ላይ ከተገለበጠ ከባድ መኪና የተፈታ ነው ይላሉ። የባቡር ነው የሚሉም አሉ፤ ባቡር ቸርኬ ይፈታለት እንደሆነ የሚያውቅ ይንገረኝ። ባህሉም እዚሁ ቸርኬ ላይ ነው። አዲስ ገቢ ተማሪ በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ፊቱን አጥቁሮ ይጠራውና "ደወሉ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ካልበላ አይጮህም፣ ካልጮኸ ትምህርት የለም፣ ጥፋቱም ያንተ ነው። ወጥ ቤት ሂድና ቁርሱን አምጣ" ይለዋል።

የመግቢያ ፈተናውን በከፍተኛ ነጥብ ያለፈ ልጅ፣ ብረት ዳቦ ይበላል ሲባል ያምናል። ነጥብ ሌላ፣ ብልጠት ሌላ። ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጣቱን እያፍተለተለ አንዲት ቃል ትወጣዋለች፦ "ቢልቢላ"። በኦሮምኛ ደወል ማለት ነው። ሌላም ትርጉም አለው፤ እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። እኔም እንደ ዳኛ ኮስተር ብዬ ትልቅ ዳቦ አሸክመዋለሁ። ጥዱ ሥር ሲደርስ ታላላቆቹ በሳቅ ይወድቃሉ። ከዚያ ሕጉ ይነበባል፦ ደወሉ ጾመኛ ስለሆነ ድርሻውን ያመጣው ሰው ይብላለት። ሻይ ይቀዳለታል፣ መሐላቸው ይቀመጣል፣ እንግድነቱም እዚያው ያበቃል።

ይህን ለምን ሠላሳ ዓመት አጀብኩ መሰላችሁ? ከቤቱ የተለየ ልጅ አይበላም። ይርበዋል፣ ግን ጉሮሮው ላይ እናቱ ትቆማለች። ብትለምኑት ያለቅሳል፣ ብትቆጡት ይጠፋል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የልጅን ሆድ ያባውን ግን ሳቅ ነው የሚያወጣው።

ባለፈው ዓመት አዲስ ዳይሬክተር መጣልን። ከጎጃም፣ ብቻውን፣ አንድ ሻንጣና ሁለት ዲግሪ ይዞ። ቁርስ ስናቀርብለት "አልለመድኩም እማማ" ብሎ ሻዩን ቆሞ ይጠጣል። ገና ሳምንት ሳይሞላው የደወሉን ነገር ሰማና ወጥ ቤት ድረስ መጣ።

"እማማ፣ ይሄ ልጆችን ማሸማቀቅ ነው። እርስዎም ዳቦ እየሰጡ ይተባበራሉ አሉ።"

"ታዲያ ምን ልስጣቸው፣ ዲግሪ?" አልኩት።

አልሳቀም። በማግስቱ በአዲስ ገቢ ላይ ማላገጥ፣ መሳቅ፣ እሱን መላክ ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ ማኅተም ተመትቶበት ተለጠፈ። ልጆቹም ታዛዦች ናቸው፤ አዲስ ገቢ ሲያዩ መንገድ መልቀቅ ጀመሩ።

በዚያው ሳምንት ከቦርደዴ አንዲት ልጅ መጣች። ሀያት ትባላለች። ከመንደሯ እዚህ ትምህርት ቤት ያለፈች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። አባቷ ፍየሎቹን ለጎረቤት ትቶ ራሱ አምጥቶ አስረከበንና ሲሄድ፣ "ይቺ ከከረመች የሌሎቹም ሴቶች ልጆች ይመጣሉ። ከተመለሰች ግን ያው ነው" አለኝ። ያው ነው ያለው ምን እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ሀያት አልበላችም። አንደኛ ቀን ሳህኗን እንዳለ መለሰች። ሁለተኛ ቀን ሳህንም አላነሣችም። ማንም አልሳቀባትም፣ ማንም አልላካትም፣ ማንም አጠገቧ አልተቀመጠም። ልጅቷ በማስታወቂያ ተከብራ ተራበች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዓይኗ አብጦ፣ ቦርሳዋን አንግታ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

"አዮ" አለችኝ፤ እናቴ ማለቷ ነው። "ቢልቢላ።"

ደስታዬን አትጠይቁኝ! የአሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ማስታወቂያውን ጥሰው የላኳት መስሎኝ በሆዴ መረቅኳቸው። ኮስተር አልኩና ትልቁን ዳቦ መርጬ አሸከምኳት። "ጥዱ ሥር ነው፣ ፍጠኚ" አልኳት። ዳቦውን አየች፣ እኔን አየች፣ ሄደች።

አሁን ሌላውን ትርጉም ልንገራችሁ። ቢልቢላ ስልክ ማለትም ነው። የተማሪ ስልክ ቢሮ ተቆልፎበት እሁድ እሁድ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ቀኑ ደግሞ ረቡዕ ነበር። ልጅቷ የፈለገችው አባቷን ጠርታ "ና ውሰደኝ" ለማለት ነው። ኦሮምኛውን እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ግን ሠላሳ ዓመት አንድ ነገር የሰማ ጆሮ ሌላ አይሰማም። ዳቦውንስ ምን መሰላት? ስልኩን ለሚያስደውለው ሰው የሚሰጥ እጅ መንሻ። አትፍረዱባት፤ መሥሪያ ቤት ደጅ የጠና ሰው ነገሩ ይገባዋል።

ቦርሳ ማንገቷ አላምር ብሎኝ ጭልፋዬን እንደያዝኩ ተከተልኳት። ጥዱ ሥር አንድ ረጅም የገለምሶ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ደብተር ገልጦ ተቀምጧል። ዳቦውን ዘረጋችለት።

"ቢልቢላው የታለ?"

ማንም አልላካትምና ልጁ ደነገጠ። በአገጩ ቸርኬውን አሳያት።

"በምኑ ነው የሚወራበት?" አለች።

ከጓደኞቹ አንዷ አፏን በነጠላዋ አፈነች። የገለምሶው ልጅ ማስታወቂያውን ዘወር ብሎ አየና፣ መቻል አቃተው መሰለኝ፣ የብሎኑን ቀዳዳ አመለከታት። "በዚህ።"

ቸርኬውን አየች። እነሱን አየች። ዳቦው ለዚህ ብረት መሆኑ የገባት ያን ጊዜ ነው፤ ፊቷ ላይ ሲገባት አየሁት። አሁን አለቀሰች፣ አሁን ሮጠች ብዬ ጭልፋዬን ጨበጥኩ። እሷ ግን በእግር ጣቷ ቆመችና አፏን ቀዳዳው ላይ ገጥማ፣ ቦርደዴ ማዶ ያለን ሰው እንደምትጠራ አባቷን ጮኻ ጠራች፦

"ሄሎ አቦ! ፍየሎቹ ደኅና ናቸው? እኔ ደኅና ነኝ! ጎበዝ ተማሪዎች ናቸው ብለውህ ነበር አይደል? ዋሽተውሃል! ብረት ነው የሚቀልቡት!"

ግቢው በሳቅ ተናጋ። እሷ ጆሮዋን ቀዳዳው ላይ ለጥፋ "ምን አልክ? እሺ፣ እሺ" አለችና ቦርሳዋን አወረደች። ከሣቁት መሐል ገብታ ተቀመጠች፤ ዳቦውንም ገመሰች።

ዳይሬክተሩ ሳቁን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። "ሣቁብሽ? እውነቱን ንገሪኝ፣ ምን እያደረጉሽ ነው?"

"ስልክ እየደወልኩ ነው" አለች አፏን ሞልታ።

"ለማን?"

"ለአባቴ።"

"እና ምን አለሽ?"

"ብዪ አለኝ።"

ባለ ሁለት ዲግሪው የራሱን ስልክ ከኪሱ አወጣና "እንኪ፣ እሁድን አትጠብቂ" አላት። ደወለች። የአባቷ ድምፅ እኔ ከቆምኩበት ድረስ ይሰማል፤ "ልምጣ እንዴ? ልውሰድሽ?" ይላል።

"አትምጣ አቦ" አለችው። "ቁርስ ላይ ነኝ።"

ዘንድሮ ያቺው ሀያት አዲስ ገቢዎችን ሰብስባ፣ ዳቦ ይዞ በቸርኬው ወደ ቤት መደወል ከትምህርት ቤቱ ምሥረታ ጀምሮ የነበረ ባህል መሆኑን ስታስረዳ ሰማሁ። በአንዲት አሮጊት ጆሮ ስሕተት እንደተጀመረ አልነገርኳትም። ከመንደሯ ሁለት ሴቶች ልጆች መጥተው አፋቸውን ከፍተው ያዳምጧታል፤ እነሱ ፊት ምን ላድርጋት?

ማስታወቂያው እስከ ዛሬ ተለጥፏል። ዳይሬክተሩ አላነሣውም፤ ማኅተም ያረፈበት ነገር በቀላሉ አይነሣም። ግን ሀያት የደወለችበት ያ ረቡዕ ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ተማሪ ገና ሳይነሣ፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጣቱን ሲያፍተለትል አገኘሁት።

"እማማ፣ ዳቦ ይኖራል?"

"ቁርስ አልለመድኩም ትል አልነበር? ለማን ነው?"

ወደ ጥዱ ዞር አለ። "ለደወሉ" አለኝ።

እንደ ዳኛ ኮስተር ብዬ ሁለት ሰጠሁት። ጎጃም ሩቅ ነው፤ በአንድ ዳቦ አይደወልም።