የአማት አስተያየት ስለ ካራቴው ፊልም

አማት፦ በርሜሉ ውስጥ ውሃ ነበረ።

ወዳቂው፦ አልነበረም እማማ! ባዶ በርሜል ነው። ውሃው በኋላ በድምፅ የገባ ነው።

አማት፦ ውሃ በድምፅ ሲገባ ገና ዛሬ ሰማሁ። እንግዲያው ልጄ ያንን ሱሪ ስትፈትግ የዋለችው ምኑን ነው? ድምፁን?

ወዳቂው፦ እሱ… እሱ ሌላ ቀን ነው። ጭቃ ላይ የወደቅኩ ዕለት።

አማት፦ እሰይ! ጭቃም አለበት ለካ። እኔ ሞኟ በርሜል ብቻ መስሎኝ ሳዝንልህ ቆየሁ።

(ሁለቱ የተቀመጡት ፊልም ቤቱ ኮሪደር ውስጥ፣ ከቢሮው በር ትይዩ ባለች አንድ እግሯ የላላ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ተመልካቹ ወጥቶ አልቋል፤ ወለሉ ላይ የተረገጠ ፈንዲሻ ብቻ ቀርቷል። ወዳቂው የሴትዮዋ የልጃቸው ባል ሲሆን ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። ዛሬ በተመረቀው የካራቴ ኮሜዲ ውስጥ ከደረጃ ይወድቃል፣ ከጣሪያ ይወድቃል፣ በርሜል ውስጥ ይወድቃል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ከአፉም «ዋይ!» ከማለት በቀር የሚወጣ ነገር የለም። የዚህ ሰው ምኞት እንግዲህ ምን መሰላችሁ፤ በክፍል ሁለት አንዲት ቃል፣ አንዲት ብቻ፣ እንደ ሰው መናገር። ዳይሬክተሩ ቢሮ ተቀምጦ ማን ምን እንደሚሆን እየወሰነ ነው፤ «ቆዩኝ» ብሏቸዋል። ነገሩ ሁሉ መልካም ነበር፣ «አስተያየት የሚሰጥ ተመልካች ወደ መድረክ ይምጣ» ሲባል አማት ዘው ብለው ወጥተው፣ ያንን ሕዝብ የሚያጨበጭብለትን መሪ ተዋናይ በጃንጥላ አናቱን ባይሉት ኖሮ።)

ወዳቂው፦ (በሩን እየሰረቀ እያየ) ድምፅዎን ቀነስ ያድርጉት እማማ፣ ይሰሙናል።

አማት፦ ይስሙኛ! «አስተያየታችሁ ስንቃችን ነው» ያለው ማነው? ስንቃቸውን ሰጠኋቸው።

ወዳቂው፦ በአፍ ነዋ የሚሰጠው! በጃንጥላ አስተያየት የሚሰጥ ተመልካች የት አገር አለ?

አማት፦ አፌን እጄ ቀደመው፤ ምን ላድርግ።

ወዳቂው፦ ያ ሁሉ ሰው ፊት! ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ ነበር ያልኩት።

አማት፦ ብትከፈትማ ግሩም አድርገህ ትወድቅላት ነበር።

ወዳቂው፦ (በረጅሙ ተንፍሶ፣ እንደ አስተማሪ ጣቱን አንስቶ) ይስሙኝ፣ ቀስ አድርጌ ላስረዳዎት። ይሄ ጥበብ ነው። ትወና ይባላል። አክተሩ አልነካኝም። እግሩ ከፊቴ አንድ ክንድ ርቆ ነው ያለፈው። ያቀራረበን ካሜራው ነው።

አማት፦ ሳይነካህ ነው የወደቅከው?

ወዳቂው፦ (ደረቱን ነፍቶ) ጫፌን ሳይነካኝ!

አማት፦ ወይ ጉዴ! ነፋስ ለሚጥለው ሰው ነው ልጄን የዳርኳት?

ወዳቂው፦ ነፋስ አይደለም፤ እኔ ነኝ ራሴን የጣልኩት! መውደቅ ሙያ ነው እማማ። ሰልጥኜበታለሁ።

አማት፦ ለመውደቅ ሥልጠና? ቀለም ቀቢው ጎረቤታችን ማንም ሳያሰለጥነው ነው ከመሰላል የወደቀው፤ ካንተ ይልቅ አምሮበት ነበር።

ወዳቂው፦ እሱ እኮ እግሩ ተሰበረ!

አማት፦ እኮ! እሱ የምሩን ነዋ የወደቀው፣ አያስመስል።

ወዳቂው፦ ከእርስዎ ጋር ስለ ጥበብ ማውራት…

አማት፦ እሺ በቃ፣ አትቆጣ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ያን ከደረጃ ያንከባለለህን፣ ስንቴ ነው ያንከባለለህ?

ወዳቂው፦ ፊልሙ ላይ አንዴ ነው። ሲቀረጽ ግን ስምንቴ ደጋግመነዋል።

አማት፦ (ጉንጫቸውን ይዘው) ስምንቴ! ስምንቴ ሲረግጥህ አንዲት ጊዜ እንኳ እጅህ አልተንቀሳቀሰም?

ወዳቂው፦ መልሶ መምታት አይቻልማ! ድርሰቱ ላይ የለም።

አማት፦ ድርሰቱን ማነው የጻፈው?

ወዳቂው፦ እ… እሱ ራሱ። አክተሩ።

አማት፦ ብልህ ነው። እኔም ብጽፈው እንደዚያው ነበር የምጽፈው።

ወዳቂው፦ ደግሞ ስምንቴ የተደጋገመው እኔ ተሳስቼ እንዳይመስልዎት። እሱ በሳቅ እየፈረሰ ነው ያበላሸው።

አማት፦ እየረገጠህ ይስቃል?

ወዳቂው፦ ኮሜዲ ነው እኮ! መሳቅ አለበት!

አማት፦ መሳቅ ያለበት ከፍሎ የገባው ነበር። ይሄኛው ተከፍሎትም ይስቃል፣ ታድሎ።

ወዳቂው፦ (ስልኩን አውጥቶ) እሺ፣ እኔን አይመኑኝ። የሌላውን ተመልካች አስተያየት ይስሙ። ይኸው፣ አሁኑኑ እየጻፉ ነው። «ድብድቡ ልብ ያንጠለጥላል» ይላል አንዱ።

አማት፦ ልቡን ያውርድለት። ቀጥል።

ወዳቂው፦ «በሳቅ ሆዴን ይዤ ወጣሁ» ትላለች አንዷ። ሌላው ደግሞ «አክተሩ እንደ ላባ ነው የሚበረው» ይላል።

አማት፦ በገመድ አስረውት ነው እንጂ። ስለ ወዳቂው የሚል የለም?

ወዳቂው፦ አለ፣ ሞልቷል! ቆይ… (ስክሪኑን ወደ ላይ ይገፋል፣ ደግሞ ይገፋል) ቆይ አንድ ጊዜ… ይኸው! «ያ ጢማሙ ሰውዬ በርሜል ውስጥ ሲገባ ውሻዬ እንኳን ሳቀ።»

አማት፦ ጢማሙ አንተ ነህ።

ወዳቂው፦ እኔ ነኝ።

አማት፦ አስተያየት የሰጠልህ ደግሞ ውሻ ነው።

ወዳቂው፦ ውሻም ተመልካች ነው እማማ!

አማት፦ ነው እንጂ። እንደውም ከሁሉም አስተዋዩ እሱ ይመስለኛል።

(እዚህ ላይ የወዳቂው ትዕግሥት አለቀ። ሰውየው ከጣሪያ ሲወድቅ እንኳ ያልተለወጠ ፊቱ አሁን በርበሬ መሰለ። ብድግ አለ፤ አግዳሚዋም ወደ አማት በኩል ዘመም አለች።)

ወዳቂው፦ አዋረዱኝ! ያዋረደኝ አክተሩ አይደለም፣ እርስዎ ነዎት! ስንት ጊዜ ሙሉ የወደቅኩት ለዛሬዋ ቀን ነበር። ዳይሬክተሩ «በክፍል ሁለት አንዲት ቃል እሰጥህ ይሆናል» ብሎኝ ነበር! አሁን አማቱ ጀግናውን በጃንጥላ ለሚቀጠቅጡበት ሰው ማን ቃል ይሰጣል? ልጄ «አባዬ፣ አንተ ፊልም ላይ ለምን አታወራም?» ስትለኝ ምን እንደምላት ያውቃሉ? «ጉሮሮዬን አሞኝ ነው» እላታለሁ! የማያውቁትን ነገር፣ ትወናና እውነት ሳይለዩ፣ ምን ፊልም ቤት አመጣዎት?

አማት፦ (ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው) ሳልለይ ቀርቼ ነው ብለህ ነው?

ወዳቂው፦ እና ምንድነው?

አማት፦ ገና መብራቱ እንደጠፋ ነው ያወቅኩት። ጥፊው ሳያርፍብህ ድምፁ ቀድሞ ይመጣል። እንኳን እኔ ውሻው ያውቃል።

ወዳቂው፦ ታዲያ ሰውየውን ለምን መቱት?

አማት፦ ምስጋና ሲያቀርብ አልሰማህም? መብራት የያዘውን አመሰገነ። ፀጉሩን ያበጠረችለትን አመሰገነ። መኪናውን የጠበቀለትን ዘበኛ ሳይቀር በስሙ ጠርቶ አመሰገነ። እኔ ሙሉ ፊልሙን ሰውን ስሰማ ነበር፤ ይሄ አዳራሽ የሳቀው አንተ በወደቅክ ቁጥር ብቻ ነው። ያንተን ስም ግን አልጠራም። ስጠብቅ ስጠብቅ ማይኩን አስቀመጠ። አንጀቴ አረረ።

ወዳቂው፦ (ቀስ ብሎ እየተቀመጠ) እኔ… አላስተዋልኩም።

አማት፦ በየት በኩል ታስተውላለህ፣ ቆመህ እያጨበጨብክለት።

(የቢሮው በር ተከፈተና «ወዳቂው፣ ና ግባ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ኮሌታውን አስተካክሎ፣ የሞት ፍርድ እንደሚሰማ ሰው ገባ። አማት ፈንዲሻውን በጫማቸው ጫፍ ወደ ግድግዳ ጠረግ ጠረግ አደረጉ። ወዳቂው ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ፤ አፉ ተከፍቶ ቀርቷል።)

ወዳቂው፦ ክፍል ሁለት ላይ… መንደር ሙሉ ወሮበላ በጃንጥላ የምትቀጣ አንዲት አሮጊት ገብታለች።

አማት፦ አሮጊት አለ?

ወዳቂው፦ ሰው በሙሉ ፊልሙ ከሳቀው ይበልጥ የሳቀው እርስዎ መድረክ ላይ ሲወጡ ነው ይላል ዳይሬክተሩ። እርስዎን ነው የሚፈልገው! ደግሞ «ቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ» አለ!

አማት፦ አንተ የአክተሩን አናት በበረዶ ስታሽለት መጥቶ ነግሮኛል።

ወዳቂው፦ ታዲያ እኔ ትወና ምን እንደሆነ ሳስረዳዎት ዝም ብለው ይሰሙኛል?

አማት፦ ሥራ የሚጀምር ሰው ሥልጠና ያስፈልገዋል መሰለኝ።

ወዳቂው፦ እኔስ እማማ? እኔ ምን ሆንኩ? «ያንተን ነገር እሳቸው ይነግሩሃል» ብሎ አስወጣኝ።

አማት፦ አማቼ ካልተናገረ እኔ አልሠራም አልኩት።

ወዳቂው፦ (ጉልበታቸው ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም) እማማዬ! እውነትዎን ነው? ከማን ጋር ነው የማወራው? ከአክተሩ ጋር?

አማት፦ ከኔ ጋር።

ወዳቂው፦ ምን ብዬ?

አማት፦ «ማሩኝ፣ አይለመደኝም!»

ወዳቂው፦ (በጣቶቹ እየቆጠረ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ) ማሩኝ… አይለመደኝም… እማማ፣ ሁለት ቃል ነው እኮ!

አማት፦ ሦስተኛውን ያን ጊዜ ራስህ ትጨምርበታለህ። እኔ አስመስሎ መምታት አልችልበትም።