ፕላስቲኩ ያልወለቀለት ሰርቨር

አዲስ ዕቃ ላይ ያለው ፕላስቲክ የሚወልቀው መቼ ነው? ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን እጠይቃለሁ፤ ሰው መጠየቅ ስለማፍር ግን የምጠይቀው ራሴን ብቻ ነው። እናንተም ቤት እንደ እኛ ቤት ቴሌቪዥኑ አርጅቶ ሲሰናበት ሪሞቱ ከነፕላስቲኩ ቀርቶ ይሆናል።

አቃቂ ቃሊቲ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህርት ነኝ። በኮምፒውተር ክፍላችን ተማሪው ፊት ያለው ስክሪን፣ ኪቦርድና የምሳ ዕቃ የምታህል ሳጥን ብቻ ነው፤ የሁሉንም ሥራ የሚሠራው ጥግ ላይ የተቀመጠው ሰርቨር ነው። የተላኩልን ግን ሁለት ነበሩ፤ ሸክሙን እንዲካፈሉ፣ አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲቀበል። አንዱ ይሠራል። ሌላው ከነፕላስቲኩ ንብረት ክፍል ተቆልፎበታል።

የንብረት ክፍሉ ጋሽ ወርቁ ክፉ ሰው አይደሉም። "መጠባበቂያ ነው" ይሉኛል፣ አንገቴን ደፍቼ እመለሳለሁ። እንዲህ እያልን አንድ ሴሚስተር አለቀ።

ባለፈው ሳምንት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች በኮምፒውተር ለሚሰጠው ፈተና ሲለማመዱ አርባው ስክሪን ባንዴ ስታክ አደረገ።

"ቲቸር፣ ሰርቨሩም ፈተና ፈራ!" አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ ሳቀ።

ሰሚራ አልሳቀችም። ቤቷ ኮምፒውተር የለም፤ የምትለማመደው እዚህ ብቻ ነው። "የፈተናው ቀንም እንዲህ ቢሆንስ፣ ቲቸር?"

ክፍለ ጊዜው እንዳበቃ እግሬ ንብረት ክፍል አደረሰኝ።

"ጋሽ ወርቁ፣ ጠዋት ከገላን ሲመጡ ሁለት ሚኒባስ ቆሞ፣ አንዱ ሰው በሰው ላይ ሲጭን ሌላው ሸራ ለብሶ 'መጠባበቂያ ነኝ' ቢልዎትስ?"

"እሰድበዋለኋ!"

"እና?"

መነጽራቸውን አወለቁ። "አንቺ ልጅ፣ ለካ አፍ አለሽ! እኔ እኮ ሰስቼ አይደለም። በስሜ ነው የተመዘገበው። ጡረታ ልወጣ ስል ቢበላሽ የምጠየቀው እኔ ነኝ።"

በፊርማ ፍርሃት ሳይሠራ ያረጀ ዕቃ በየመሥሪያ ቤቱ ስንት ይሆን? እኔም እንደሳቸው እፈራለሁ። ቢሆንም "በእኔ ስም ይዛወር" አልኩና ፈረምኩ። ፕላስቲኩንም በገዛ እጄ ገፈፍኩት።

ሰኞ አርባዎቹ ልጆች ሲገቡ ሁለቱ ሰርቨሮች ሃያ ሃያ ተካፈሏቸው። ግማሾቹ ጨርሰው እንደወጡ አንዱን ሰርቨር ለሙከራ ሆን ብዬ አጠፋሁት። የሰሚራ ስክሪን ጨለመ። የይለፍ ቃሏን ጽፋ እንደገና ገባች፤ ሌላው ሰርቨር ተቀበላት፣ ከመልሶቿም አንድ የጠፋ የለም። ያኔ ሳቀች።

ጋሽ ወርቁ በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር። "ጎበዝ" አሉኝ። ቀጥለውም፣ "ፕላስቲኩስ የት ሄደ? እሱም እኮ ተመዝግቧል።"

በዚህስ ላልከራከራቸው ወሰንኩ። አጣጥፌ መለስኩላቸው። መጀመሪያ ግን አስፈረምኳቸው።