ከሽቦው ሥር

ትናንት ምሳ በልቼ ጋደም ባልኩበት ሕልም አየሁ። የተጋደምኩት ተዳፋት ላይ፣ ከከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል መስመር ሥር፣ አደይ አበባና ጦስኝ መሃል ነበር። ሥራዬ ከሽቦው ሥር የበቀለውን መመንጠር ነው። ሽቦው ጋ የሚደርሰውን ባሕር ዛፍ ቆርጠን ጨርሰናል፤ አለቃችን አቶ እንግዳወርቅ ግን አበባው ሳይቀር ተዳፋቱ እንዲላጭ አዘዋል። ንብ የሚያረቡት እትዬ ዘነቡ ጠዋት ክንዴን ይዘው፣ «ልጄ፣ ጦስኝ ዘሎ ሽቦ ይነካል? ንቦቼ ምን ሊቀስሙ ነው?» ብለውኝ ነበር።

በሕልሜ የብረት ምሰሶዎቹ ከቦታቸው ተነቅለው ወደ እትዬ ዘነቡ ቀፎ ሄዱ። ሽቧቸውን እንደ ነጠላ አጣፍተው ተሰለፉ። ከቀፎው አፍ የተቀመጠች አንዲት ንብ መነጽሯን አስተካክላ፣ «እዚህ ለመቆም ፈቃድ አላችሁ?» አለች።

«ማመልከቻ አስገብተናል» አለ የፊተኛው ምሰሶ።

«ማኅተም የያዘችው ጦስኝ ስብሰባ ላይ ናት። ነገ ተመለሱ።»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ወዲያው ራሴን ተዳፋቱ ላይ አገኘሁት። መቁረጫ ማሽኑን የግራዋ ቁጥቋጦ ታቅፎታል፤ አደይ አበቦች ሜትር ይዘው ሰው ይለካሉ። ከጉልበት በላይ የሆነ ሁሉ ይቆረጣል ተብሏል። መሐንዲሶች እየዳሁ ያልፋሉ። አቶ እንግዳወርቅም በከረባታቸው መሬት እየጠረጉ ደረሱ።

«ትንሽ ረዝመዋል» አለቻቸው አንዷ አደይ።

«ኧረ እኔ ማንንም አልነካሁ! ምን አጠፋሁ?»

«እኛም እንደዚሁ ብለን ነበር።»

ግራዋው ማሽኑን አስነሳ። አንጀቴ አልችል ቢል፣ «አበባው አይቆረጥ ብለው ይፈርሙና ይለቀቁ!» ብዬ ዋስ ሆንኩ። አደይዋ የአለቃዬን አውራ ጣት የአበባ ብናኝ አስነክታ አስፈረመቻቸው። ያኔ እልልታው ቀለጠ! ምሰሶዎቹ አጨበጨቡ፤ ንቦቹ እሽኮኮ አደረጉኝ። እትዬ ዘነቡ ከታች ሆነው፣ «እሰይ የኔ አንበሳ!» ይላሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ተነስ እንጂ አንተ!»

አቶ እንግዳወርቅ ከአናቴ ቆመዋል። ቀና ስል ተዳፋቱ ተላጭቷል። ጓደኞቼ እኔን ላለመቀስቀስ ብለው ዙሪያ ዙሪያዬን ሲመነጥሩ ቆይተዋል። እኔ የተኛሁባት፣ አንድ አልጋ የምታህል አበባማ ቦታ ብቻ ቀርታለች። የእትዬ ዘነቡ ንቦች ከጆሮዬ እስከ እግሬ ከበውኝ ይቀስማሉ።

«ተነስ፣ ይህችን ቆርጠን እንሂድ» አሉኝ አለቃዬ።

መልሼ ተጋደምኩ።