ባሕሩ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ

ዕረፍት ወጥቶ ማረፍ የማይሆንለት ሰው በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። በእናንተ ቤት ከሌለ ቀስ ብላችሁ ራሳችሁን መርምሩ። ሌላው ሰው ዕረፍት ሲቃረብ ሻንጣ ያወርዳል፤ እሱ እርሳስና ማስመሪያ ያነሣል። ሌላው “ወዴት እንሂድ?” ሲል እሱ “ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት?” ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ባይኖር ግማሻችን ከቤት አንወጣም ነበር፤ እሱ ስላለ ደግሞ ወጥተንም አናርፍም።

አሁን ታሪካቸውን የምናወራላችሁ ክቡርነታቸው የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ናቸው። ተማሪዎቻቸው፣ እሳቸው በሌሉበት፣ “ጋሽ ደወል” ይሏቸዋል። ሚስታቸው የማዋለጃ ክፍል ነርስ ናት፤ አሥራ ሰባት ዓመት አብራቸው ስለኖረች “አንተ” ነው የምትላቸው። ነገሩን የምናየው ከእሷ ጎን ቆመን ስለሆነ፣ እኛም ማዕረጉን ለትምህርት ቤቱ ትተን “እሱ” እንበለው።

የሥራው ዋና ነገር የክፍለ ጊዜ ድልድል ማውጣት ነው። አርባ ሁለት መምህራንን፣ ሃያ ስድስት ክፍሎችንና አንድ ቤተ ሙከራን ማንም ከማንም ሳይጋጭ በአንድ ሰፊ ወረቀት ላይ ያስቀምጣል። በዚህ አቻ አይገኝለትም። ጣጣው ይህንኑ ሙያውን በየዓመቱ ዕረፍት ይዞት መውጣቱ ነው። የዓመቱ ዕረፍት ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው የፍሪጁ በር ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፋል፤ ቀናቱ ወደ ታች፣ ሰዓታቱ ወደ ጎን ተደርድረው። “ቁርስ” የሚል ሳጥን አለ። “ጫማ ማውለቅ” የሚል ሳጥን አለ። “መደነቅ” የሚልም አለ፤ የተመደበለት ሃያ ደቂቃ ነው።

ባለፈው ዓመት ከአንድ ፏፏቴ ሥር ቆመው ነርሷ ገና አንገቷን ቀና ስታደርግ፣ ጉሮሮውን ጠረገና “የመደነቂያው ጊዜ አብቅቷል” አለ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃቸው “አባዬ፣ ፎቶ እንኳ አላነሣንም” ስትለው “ከመኪናው የኋላ መስታወት ይታያል፣ ቀስ ብዬ እነዳለሁ” አላት። እውነቱን ለመናገር ቀስ ብሎ ነድቷል።

የጊዜው ማጠር የእሱ ጥፋት አይደለም። ነርሷ ከሥራዋ የምታገኘው ፈቃድ ስምንት ቀን ብቻ ነው፤ የሚወለዱት ሕፃናት የእሷን ዕረፍት አይጠብቁም። በስምንት ቀን ውስጥ ሐይቁ፣ ፍል ውኃው፣ ተራራውና ባሕሩ መዳረስ አለባቸው፤ አንዱ ከሌላው የግማሽ ቀን መንገድ ይርቃል። በዚያ ላይ አየሩ አለ። ሐይቁ ከሰዓት በኋላ ይነፍስበታል፣ ተራራው ከቀትር ወዲያ ነጎድጓድ አያጣውም፣ ባሕሩ ደግሞ ሲያኮርፍ ሦስት ቀን ነው።

ስለ አየሩ የማይጠይቀው ሰው የለም። ስልኩ ላይ ሦስት ዓይነት ትንበያ አለው፤ ሦስቱ ተስማምተው ስለማያውቁ አንዱንም አያምንም። የሚያምነው ሰው ነው። በየመንገዱ ያሉ የነዳጅ ማደያ ሠራተኞችን ስልክ ይዟል። “ወንድሜ፣ ደመናው ከየት በኩል ነው የሚመጣው? የምሩን ነው ወይስ እንደ ነገሩ?” ይላቸዋል። ባሕሩ ዳር ቤት የሚያከራዩትን ሴትዮ ግን ስለ አየር ጠይቋቸው አያውቅም። “እትዬ፣ ዛሬ ልብስ አስጥተዋል?” ነው የሚላቸው። “አስጥቻለሁ” ካሉት ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ ፀሐይ ይሥላል። “ኧረ አስገባሁት” ካሉት እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ላጲሱን ያነሣል።

ነርሷ መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሰማ አልሰማ እያለች ትሸማቀቅ ነበር። ሴትዮዋ አንድ ቀን በራሳቸው ደውለው “ዛሬ አንሶላውን ሁሉ አስጥቻለሁ፣ ለባለቤትሽ ንገሪልኝ” ካሏት ወዲህ ግን መሸማቀቋን ተወች። እንዲያውም አንዳንዴ ትኮራበታለች፤ ለእሱ ግን አትነግረውም።

ደግሞ ይህ ሰው ለራሱ አያውቅም። መኪናው ውስጥ ፀሐይ በየትኛው ወገን እንደምትገባ አስልቶ አማቱን በጥላው በኩል የሚያስቀምጥ እሱ ነው። የሚያቅለሸልሻትን ልጁን ከፊት፣ ራሱን ፀሐይ ላይ። ለአራቱም ሰው ትርፍ ካልሲ ይይዛል። አንድ ሰው አንድ ነገር ሲነግረው “ተመዝግቧል” ይላል። ጉልበቴን አመመኝ ብትሉት፣ ናፈቅኸኝ ብትሉት፣ መልሱ ያው “ተመዝግቧል” ነው። ነርሷ በዚህች ቃል የሳቀችባቸው ዓመታት አሉ። ዘንድሮ ግን አልሳቀችም።

ምክንያቱ እናቷ ናቸው። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ከዳር ከዳር እየጨለመ መጥቶ፣ አሁን ፊት ለፊት ብቻ፣ ያውም የአንድ ሰሃን ስፋት ያህል ነው የሚታያቸው። ከሰሃኑ ውጭ ያለው ሁሉ የለም። ሐኪሙ ነርሷን ለብቻዋ ጠርቶ “የቀረውን ከርሞ ድረስ እናቆየዋለን ብዬ ቃል አልገባልሽም” ብሏታል። እናቷ ደግሞ በዕድሜያቸው ባሕር አይተው አያውቁም። ሲጠየቁ “ውኃ አይደል እንዴ? ውኃ ቤታችንም አለ” ይላሉ፤ ቴሌቪዥኑ ባሕር ካሳየ ግን ወንበራቸውን ስበው ይጠጋሉ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ባሕሩ በዕቅዱ ላይ ነበረ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይደርሱበት ተመለሱ። አንድ ጊዜ መንገዱ በጎርፍ ተዘጋ፣ አንድ ጊዜ ጎማ ፈነዳ፣ አንድ ጊዜ ተራራው ላይ ሁለት ቀን ዘነበ። ነርሷ ዘንድሮ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቷ ዓይናቸው ሳይዘጋ ባሕሩ ዳር ተቀምጠው እንዲያዩ። ሐኪሙ ያላትን ለባሏ ነገረችው። አንገቱን ደፍቶ ሰማትና “ተመዝግቧል” አለ። ያን ዕለት ወደ ጓዳ ገብታ ያልቆሸሸ ድስት አጠበች።

ጉዞው በመልካም ተጀመረ። ሐይቁ ላይ አንድ ቀን ተኩል በሰዓቱ ተጠናቀቀ። ወደ ፍል ውኃው ሲያመሩ ግን ያልተጠበቀ ዝናብ ወረደና አንድ ድልድይ ላይ የጭነት መኪና ተሰነቀረ። እዚያ ስድስት ሰዓት ቆሙ። እናትየው ከኋላ ወንበር ሆነው “ይሄ ልጅ ዝናቡን አልቀጠረውም ነበር እንዴ?” አሉ፤ ልጅቷ ብቻ ሳቀች። ፍል ውኃው የደረሱት ግማሽ ቀን ዘግይተው ነው።

በማግሥቱ ጠዋት እናትየው ጉልበታቸውን ፍል ውኃው ውስጥ ነክረው ከልጅቷ ጋር ሲጫወቱ፣ እሱ የማረፊያው በረንዳ ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ ተቀመጠ። ነርሷ ሻይ ይዛለት መጣች። ላጲሱ ቀጥታ ወደ መጨረሻው መስመር ሲሄድ አየችው። “ባሕር” የሚለው ሰፊ ሳጥን ጠፍቶ፣ በቦታው “ባሕር፣ በመንገድ ላይ፣ 40 ደቂቃ” ተጻፈ። አንድ ክፍለ ጊዜ መሆኑ ነው።

ሻዩን አስቀምጣ ወረቀቱን ከእጁ ወሰደችው። ያን ጊዜ ነው በየቦታው ስም አጠገብ አንዳንድ ፊደል መኖሩን ልብ ያለችው። ሐይቁ፣ ፍል ውኃውና ተራራው “ከ” ይላሉ፤ ባሕሩ “ቀ” ይላል።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ከባድና ቀላል” አላት፤ ሁሉም ሰው እንደሚያውቀው ነገር። “ከባድ ትምህርት በጠዋቱ ነው የሚመደበው፣ ጭንቅላት ሳይደክም። ቀላሉ፣ ስፖርትም ሥዕልም፣ መጨረሻ ላይ ይሆናል። ስብሰባ ቢመጣ፣ ዝናብ ቢመጣ፣ የሚቀረው የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ነው። ማንም አይጎዳም።”

“ባሕሩን ስፖርት አደረግኸው?”

“ስፖርት አላልኩም። እንግዲህ ባሕር ላይ የሚሠራ ነገር የለም። መቀመጥ ነው።”

“እኔ የምፈልገውስ እሱን አይደል? እማዬ እንድትቀመጥ ነው የምፈልገው። ሐኪሙ ያለውን ነግሬሃለሁ።”

“ተመዝግቧል እኮ። ይኸውልሽ።” በጣቱ አሳያት። እውነትም ከሳጥኑ ጥግ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ “የእማማ ዓይን” ይላል።

ነርሷ ጎንበስ ብላ ጽሕፈቱን አየችው። “መዝግበህስ? ከርሞ ይህን ሳጥን ወር ሙሉ ብታደርገው ምን ያደርግላታል? ሦስት ዓመት መጨረሻ ላይ አስቀመጥከው፣ ሦስት ዓመት ቆረጥከው። ተናድጄ አይደለም እኮ። ፈርቼ ነው።”

ወረቀቱን ተቀብሎ ለብዙ ጊዜ አየው፤ መምህር ተማሪ ፊት ሰሌዳ ላይ የሠራውን ስሕተት እንደሚያየው ነበር። ቆይቶ በዝቅተኛ ድምፅ “ተራራው ቢዘገይባቸው እማማ ይከፋቸው ይሆን?” አላት።

“እማዬ ተራራ ላይ ነው ያደገችው” አለችው። “አንተ በየዓመቱ ተራራ ስታሳያት ዝም የምትልህ ቅር እንዳይልህ ብላ ነው።”

ከዚያ ስልኩን አነሣና ባሕሩ ዳር ቤት ወደሚያከራዩት ሴትዮ ደወለ። ሴትዮዋ ነገ ጠዋት ልብስ ያሰጣሉ፤ ከነገ ወዲያ ግን ብርድ ልብሱን ሁሉ ለማስገባት እያሰቡ ነው። በአሥር ደቂቃ ውስጥ እናትየው እግራቸው ሳይደርቅ መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ነበር። አዲሱ ዕቅድ ጭናቸው ላይ ተዘርግቶ ተነበበላቸው፤ ባሕር፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት። ልክ በአምስት ሰዓት ወደ ተራራው ጉዞ፤ የተራራው ማረፊያ ኃላፊ እስከ አሥር ሰዓት ያልደረሰ እንግዳ ክፍሉን ያጣል ብሏል። ከባዱን ትምህርት ጨርሶ መሰረዝ አልሆነለትም። ነርሷ አራት ሰዓትም ቢሆን አራት ሰዓት ነው ብላ የመኪናውን በር ዘጋች።

በማግሥቱ በአንድ ሰዓት ሴትዮዋ ካዋሷቸው ወንበር ላይ እናትየው ከውኃው አፋፍ ተቀመጡ። ማዕበሉ እግራቸውን እየነካ ይመለሳል። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግራ፣ አለቶቹ ውኃው ውስጥ ወደሚገቡበት ጫፍ አዞሩና “ከዚያ ልጀምር” አሉ።

ሰሃን በሚያህል ዓይን ባሕር በአንዴ አይታይም። አንገታቸውን በጣት ስፋት ያህል ያዞራሉ፣ ይቆማሉ፣ ያንን ቁራሽ ከላይ እስከ ታች ያያሉ፣ እንደገና በጣት ስፋት ያዞራሉ። ሰማዩ ከውኃው የሚገናኝበት ላይ ሲደርሱ “እዚህ ጋ ተሰፍቷል” ይላሉ። የልጅ ልጃቸው መሳቅ ጀምራ ነበር፣ ግን ተወችውና ጃንጥላ ያዘችላቸው። አራት ሰዓት ላይ አንዲት የዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ጋ ደረሱ። ጀልባዋ ቀይ ነበረች፤ እሷን ለቅቄ አልሄድም አሉ።

አምስት ሰዓት ሆነ። መኪናው ተጭኗል። እሱ ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ፣ ጫማውን አስሮ፣ ቀስ ብሎ ወደ ወንበሩ መጣ። ነርሷ እናቷ አጠገብ ቆማ ሲመጣ አየችው። የምትለውን በሆዷ አዘጋጅታ ጨርሳለች፤ ሰው ፊትም ቢሆን ልትለው ቆርጣለች።

“እማማ፣ የት ደረሱ?” አላቸው።

“ጀልባዋ ጋ ነኝ፣ ልጄ። ከዚያ ወዲያ ያለው ብዙ ነው?”

ወደ ቀኝ ተመለከተ። ባሕሩ እዚያ ወዲያ፣ ዓይን እስኪያልቅበት ድረስ ይሄዳል። “ካዩት ይበልጣል” አለ።

“እንግዲህ መንገድ ላይ እየሄድን አንተ ንገረኝ። አትዘግይ፣ ፕሮግራምህ ይበላሽብሃል።” ክንዳቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፈው ለመነሣት ተመቻቹ።

እሱ ግን “አንድ ጊዜ፣ እማማ” ብሎ ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ አለና ደወለ። ለተራራው ማረፊያ ኃላፊ መሆኑን ነርሷ ከመጀመሪያው ቃል አወቀች። ወዲያኛው ሰው የሚለው አይሰማትም፤ የምትሰማው የባሏን ብቻ ነበር፤ ትምህርት ቤት የሚናገርበትን ያንን ቀጥ ያለ ድምፅ።

“አይ፣ መኪናው ደህና ነው” ይላል። “አይደለም፣ መንገዱም ክፍት ነው። ዝናብም የለም። ክፍሉን ለሌላ ሰው ይስጡት።” ጥቂት ቆየ። “አማቴ ባሕሩን አይተው አልጨረሱም።”

ነርሷ ያዘጋጀችው ነገር ሁሉ ከአፏ ጠፋ። ወደደችው፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ስትወደው ኖራለች፣ ግን እንደዚህ አድርጋ መቼ እንደወደደችው አታስታውስም። እሱ አላያትም። ቦርሳውን ከትከሻው አወረደ፣ የጫማውን ክር ፈታ፣ ወንበሩ ሥር አሸዋው ላይ ተቀመጠና የአማቱን ክንድ ቀስ አድርጎ ወደ ቦታው መለሰው።

“ከጀልባዋ ይቀጥሉ፣ እማማ” አላቸው። “ጊዜ አለን።”