አረንጓዴ ላይ የቆመው መርፌ

ለትውልድ ሊተላለፍ የሚገባ ሥራ ተሠርቶ ሳለ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ስለዚህ እኔ፣ ጎንደር ከተማ ውስጥ ስሙን በትሕትና የማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት የኮሚቴ ጸሐፊ፣ ዘንድሮ ጥምቀት ከመድረሱ በፊት በአነስተኛ በጀት ስላከናወንነው ታላቅ እድሳት የዓይን ምስክርነቴን እሰጣለሁ። ለዚህ ምስክርነት ከእኔ የተሻለ ሰው አይገኝም። ቃለ ጉባኤውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የጻፍሁት እኔ ነኝ።

መሥሪያ ቤታችን በደጋው ላሉ ሃያ ሦስት ጤና ኬላዎች የመገናኛ ሬዲዮ ያድላል፤ ሲበላሽም ሰብስቦ ያስጠግናል። ደጋው ላይ ስልክ የለም ማለቴ አይደለም። አለ። ለምሳሌ ከአምባ ጊዮርጊስ በላይ ባለችው ጓሳ ሜዳ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ቋጥኝ ላይ ወጥቶ፣ ፊትን ወደ ደባርቅ አዙሮ፣ ጉም ከሌለ ስልክ ይሠራል። ምጥ የያዛት ሴት ግን ቋጥኝ መውጣት ስለሚያስቸግራት የጤና ባለሙያዋ በሬዲዮ ትጣራለች፤ እኛ ዘንድ የሬዲዮ ክፍሉን የምትጠብቀው ውዴ ትሰማለች፤ አምባ ጊዮርጊስ ቆሞ የሚጠብቀው አምቡላንስ ይነሣል። አሠራሩ ይኸው ነው።

ሬዲዮ ተጠግኖ ወደ ደጋው ከመመለሱ በፊት ይፈተሻል። መፈተሻችን በደርግ ጊዜ ከባሕር ማዶ በእርዳታ የመጣ የብረት ሣጥን ሲሆን፣ ፊቱ ላይ አንድ መርፌ አለው። ሬዲዮው ከሣጥኑ ጋር ይያያዝና የመናገሪያው ቁልፍ ይጫናል። ሬዲዮው ጉልበት ካለው መርፌው ከቀዩ ተነሥቶ አረንጓዴው ላይ ይደርሳል፤ ከሌለው ቀዩ ላይ ይቀራል። እንዲህ ያሉ ሁለት መንታ ሣጥኖች ነበሩን፤ ሁለቱም አርጅተው መርፌያቸው ወባ እንደ ያዘው ሰው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሬዲዮ የጠገነው አያ ምንዳዬ በኅዳር ወር አንዲት ግማሽ ገጽ ጽፎ አስገባ። በሁለቱም ሣጥኖች ውስጥ ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ካፓሲተሮች አብጠዋል፤ ከሞቱ ቴሌቪዥኖች ላይ ፈትቼ እቀይራቸዋለሁ፤ አንድ ሳምንት ይበቃኛል ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። መግቢያ የለው፣ ዓላማ የለው፣ የሚጠበቅ ውጤት የለው። ኃላፊያችን አቶ እንዳልካቸው ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ፤ ጀርባውም ባዶ ነበር። እንዲህ ያለ ከባድ ጉዳይ በግማሽ ገጽ ማቅረብ መሥሪያ ቤቱን መናቅ ነው አሉ፤ አንድ ሳምንት የሚለውንም አልወደዱትም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ሲሉ መከሩን።

ወዲያው ሰባት አባላት ያሉት የእድሳት ኮሚቴ ተቋቋመ። አያ ምንዳዬ ባለሙያ በመሆኑ ከገለልተኝነት አንጻር አልተካተተም። በጀቱ አነስተኛ ስለ ነበረ ቅደም ተከተል ማውጣት ግድ ሆነብንና በሁለተኛው ስብሰባ ጥልቅ ጥያቄ ተነሣ፤ የሣጥኑን ውስጥ ማን ያየዋል? የሚያየው አያ ምንዳዬ ብቻ መሆኑ በድምፅ ብልጫ ተረጋገጠ። ለአንድ ሰው እይታ የሕዝብ ሀብት ማፍሰስ ብክነት ነውና ከሁለቱ ሣጥኖች አንደኛው፣ እሱም ከውጭ በኩል፣ እንዲታደስ ወሰንን።

በዚህ የሚስቅ ቢኖር የአገሩን ልማድ የማያውቅ ነው። የጎንደር ሰው የጥምቀትን እንግዳ እንዴት እንደሚቀበል የታወቀ ነው። ጣሪያው ቢያፈስ ጥር ላይ ዝናብ የለምና ይቆያል፤ ግድግዳው ግን ይቀባል። አጥሩ ይቀባል፣ የመንገዱ ጠርዝ ይቀባል፣ ቆሞ የተገኘ ዛፍ ሁሉ እስከ ወገቡ ኖራ ይቀባል። እኛ ያደረግነው ይህን የቆየ ጥበብ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ማሸጋገር ብቻ ነው። ለጥምቀት ደግሞ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጡ ነበር።

የቀለሙ ዓይነት ሦስት ስብሰባ ፈጀ። በመጨረሻ አንድ ጋራዥ ውስጥ ከባጃጅ የተረፈ ሰማያዊ ቀለም ስላገኘን የቁጠባ መርሓችንን ጠብቀን እሱን መረጥን። ቀቢው ልቅም ያለ ሠራተኛ ነበር። መስታወቱን አንሥቶ፣ መርፌውን በጣቱ ወደ አረንጓዴው ገፍቶ፣ ውስጡን ሳይቀር ቀባው። ቀዩና አረንጓዴው በቀለም ሥር ስለ ጠፉ የሱቅ ማስታወቂያ የሚጽፍ ሰው ጠራንና በቀኝ በኩል «ይሠራል»፣ በግራ በኩል «አይሠራም» ብሎ በሚያምር እጅ ጻፈልን። መርፌው «ይሠራል» ላይ ደርቆ ቀረ።

አያ ምንዳዬ ሣጥኑን ዙሪያውን አየና አቶ እንዳልካቸው ቢሮ ገባ። እኔም ማስታወሻ ለመያዝ ተከተልሁ።

«መርፌው በቀለም ተጣብቋል» አለ።

«ድሮስ እንዴት ነበር?» አሉ አቶ እንዳልካቸው።

«ድሮማ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ጭራሽ አይንቀሳቀስም።»

«ታዲያ ምነው አያ ምንዳዬ፣ ተረጋጋ ማለት አይደለም?»

አያ ምንዳዬ በሩን ዘግቶ ወጣ። እኔም በማስታወሻዬ ላይ «ባለሙያው በማብራሪያው ረክቶ ወጥቷል» ብዬ ጻፍሁ።

የጥምቀት ዋዜማ ሳምንት ምርቃቱ በእንግዶቹ ፊት ተከናወነ። አቶ እንዳልካቸው ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ ይህ እድሳት ከብዙ መማማር በኋላ የመጣ ነው ብለው ለሃምሳ ደቂቃ ንግግር አደረጉ። ከዚያ ለጥገና ከደጋው የተሰበሰቡት ሃያ ሦስቱ ሬዲዮኖች በተራ ተፈተሹ፤ ሃያ ሦስቱም አለፉ። ሦስቱ ባትሪ እንዳልነበራቸው ኋላ ታውቋል፤ ቢሆንም አልፈዋል። ሣጥኑ ራሱ ከመብራት ተነቅሎ ነበር፤ ሶኬቱን የድምፅ ማጉያው ይዞታል። አንደኛው እንግዳ ይህን አይቶ ጠየቀ። አቶ እንዳልካቸው አዲሱ መፈተሻ ኤሌክትሪክም ይቆጥባል ሲሉ አስረዱት፤ እንግዳውም መዝግቦ ያዘ።

አያ ምንዳዬ ግን ኃፍረት የሚባል አያውቅም። ለካ ባልታደሰው መንታ ሣጥን ላይ በምሳ ሰዓቱ ሲሠራ ሰንብቷል። ቅዳሜ ገበያ ወርዶ ከሞቱ ቴሌቪዥኖች ካፓሲተር ሰብስቦ፣ በገዛ ጊዜው ቀይሮ፣ ዝገቱን እንኳ ሳይጠርግ ይዞት መጣና ሬዲዮኖቹ ወደ ደጋው ከመጫናቸው በፊት ልፈትሻቸው አለ። ፈተሻቸው። አራቱ አረንጓዴ ላይ ደረሱ። አሥራ ዘጠኙ ቀዩ ላይ ቀሩ።

አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ጉዳዩ ግልጽ ነበር። በአንድ ወገን ሰባት ሰው ሁለት ወር የደከመበት፣ እንግዳ የመረቀው፣ ሰማያዊና ንጹሕ ሣጥን ሁሉም ይሠራሉ ይላል። በሌላ ወገን በምሳ ሰዓት የተጠገነ ዝገታም ሣጥን አሥራ ዘጠኙ ሙት ናቸው ይላል። አያ ምንዳዬ የማንኛውንም ሬዲዮ ሆድ ከፍታችሁ እዩ ቢል፣ ወደ ዝርዝር አንገባም ተባለ። ዝገታሙ ሣጥን የተቋሙን ገጽታ በማጉደፉ ከአገልግሎት ውጭ ሆኖ ለብረት ገዢ እንዲሸጥ ተወሰነ። በዚህ ጊዜ እጄን አውጥቼ አንድ ሐሳብ አቀረብሁ፤ ሐሳቡ የእኔ ስለ ነበረ ዛሬም እኮራለሁ ማለት ነበረብኝ። በተበላሸ መፈተሻ ጥሩ ናቸው የተባሉት አራት ሬዲዮኖች እንዴት ሊታመኑ ይችላሉ? አልሁ። ቤቱ አጨበጨበ። አራቱም ከሣጥኑ ጋር አብረው ተሸጡ። አሥራ ዘጠኙ ወደ ደጋው ተጫኑ፤ አንዱ ለጓሳ ሜዳ ደረሰ።

ውጤቱ ከጠበቅነው በላይ ሆነ። ከእድሳቱ በፊት በአንድ ወር አሥራ አራት የአደጋ ጥሪ ይመጣ ነበር። ከእድሳቱ በኋላ በነበረው ወር አንድም አልመጣም። አቶ እንዳልካቸው በደጋው አደጋ መጥፋቱን፣ እናቶችም ያለ ችግር መውለድ መጀመራቸውን ለበላይ አካል ሪፖርት አደረጉ። በቃሬዛ ሲወርዱ መንገድ ላይ ያረፉ ሁለት ሰዎች አሉ የሚል ወሬ ደርሶን ነበር፤ በሬዲዮ ስላልተነገረን በሪፖርቱ አላካተትነውም። ሪፖርቱን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ውዴም ያለ ሥራ ከመቀመጥ ብላ ሹራብ ትሠራ ጀመር።

አሁን ወደ ግል ጉዳይ ልግባ። ታናሽ እኅቴ ሰርካለም ያገባችው ጓሳ ሜዳ ነው። አምና የመጀመሪያ ልጇን በምጥ አጥታለች፤ እሷም የተረፈችው አምቡላንስ ደርሶ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ለየካቲት ደርሳ ነበር። በየካቲት አጋማሽ የጓሳ ሜዳዋ የጤና ባለሙያ ዝናሽ ደወለችልኝ። እኅትህ ወሯ ገብቷል፤ የላካችሁት ሬዲዮ ግን ትንፍሽ አይልም አለችኝ። እንደ ሥርዓቱ መለስሁላት። ሬዲዮው ተፈትሿል፣ ይሠራል አልኋት።

«ቢሠራማ ቋጥኝ ላይ ምን አወጣኝ?» ብላ ዘጋችው።

ፈራሁ። ቃለ ጉባኤ ላይ የማይጻፍ ዓይነት ፍርሃት ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ ያ ሰማያዊ ሣጥን ሐሰተኛ መሆኑን ከቀቢው ቀጥሎ የማውቀው እኔ ነበርሁ። በማግስቱ በምሳ ሰዓት የመሥሪያ ቤት ሰው እንዳያየኝ በጓሮ ዞሬ አያ ምንዳዬ ቤት ሄድሁ። ቤቱ የቴሌቪዥን ሬሳ ሞልቶታል። መደርደሪያው ላይ ያ የሸጥነው ዝገታም ሣጥን ተቀምጧል። ለካ ሣጥኑንም አራቱን ሬዲዮኖችም ከብረት ገዢው ላይ በኪሎ መልሶ ገዝቷቸዋል።

አንድ የሚሠራ ሬዲዮ ስጠኝ፣ በእግዜር አልሁት። ጓሳ ሜዳ ያለው እኮ ይሠራል፣ ወረቀቱ ላይ አይቻለሁ አለኝ። እሱን ተወው አልሁት።

«ማን ነበር የጻፈው?» አለ።

«እኔ ነኝ፣ አያ ምንዳዬ።»

የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ። ኋላ ሦስቱን ሰሞኑን ለሩቅ ቀበሌዎች መስጠቱን፣ አራተኛውንም ዛሬ ጧት የእኅቴ ባል ሰውአገኝ ራሱ መጥቶ መውሰዱን ነገረኝ። እኔ ዘንድ ሳይመጣ እንዴት አልሁ። ዝናሽ ወንድምየው ዘንድ እንዳትሄድ ብላ አስጠንቅቃዋለች አለኝ። አፈርሁ። ደስታዬ ግን ከኃፍረቴ ይበልጥ ስለ ነበር ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል ይዞ አነሣኝ።

በአምስተኛው ቀን ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ስንት ሳምንት ዝም ያለው የሬዲዮ ክፍል ተናገረ። ውዴ ሹራቧን ጥላ ተነሣች። ዝናሽ ነበረች፤ ጓሳ ሜዳ ነኝ፣ ሰርካለም የምትባል ወላድ ደም እየፈሰሳት ነው፣ ቶሎ ድረሱ አለች። አምቡላንሱ ተነሣ። እኔ ኮሪደሩ ጥግ ቆሜ ሥላሴን ስማጠን ዋልሁ። ከሰዓት በኋላ ሴት ልጅ መውለዷን፣ ሁለቱም ደኅና መሆናቸውን ሰማሁና እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

አቶ እንዳልካቸው ግን አላለቀሱም። ለበላይ አካል ጥሪ ጠፍቷል ተብሎ ተጽፏል፤ አሁን ጥሪ መጥቷል። በማግስቱ ጓሳ ሜዳ የሄደው ሬዲዮ ቁጥሩ ሲመረመር በኮሚቴ ውሳኔ ከተወገዱት ከአራቱ አንዱ ሆኖ ተገኘ። የተወገደ ንብረት ያለ ፈቃድ እንዲናገር ያደረገው ማን እንደ ሆነ የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰባት አባላት አሉት፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ። የአያ ምንዳዬን ስም ለማግኘት ግማሽ ቀን አልፈጀም። ቀርቦ አዎ፣ እኔ ነኝ አለ፤ ወደ እኔም አላየም።

ያስቸገረን አንድ ነገር ብቻ ነበር። ክሱ እንዲጸና ሬዲዮው በእርግጥ መሥራቱ መረጋገጥ አለበት፤ በሰማያዊው ሣጥን ብንፈትሸው ደግሞ ያ ሣጥን ሁሉንም ይሠራል ስለሚል ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃ ያለው አለ? ብለው አቶ እንዳልካቸው ጠየቁ። እኔም ብዕሬን አነሣሁና የእኅቴን በሕይወት መኖርና የልጇን መወለድ ማስረጃ ቁጥር አንድ አድርጌ ከክሱ ጋር አያያዝሁ፤ ፈረምሁም።