ለግሪኳ ዘፋኝ የተዘረጉ እጆች

የገዛ ወገንን መምረጥ የሚከለክል ውድድር አለ ብትሉኝ ኖሮ፣ እውነቴን ነው፣ ጤንነታችሁን ነበር የምጠይቀው። እኛ ምርጫ ሲባል ገና ከመጀመሪያው የምናስበው «የእኔ ሰው የትኛው ነው?» ብለን ነው። የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀመንበር ሲመረጥ ያየ ያውቀዋል፤ ዕጩው ስለ ዕቅዱ አፉን ሳይከፍት አዳራሹ በአክስት ልጅ፣ በአበልጅና በአገር ልጅ ተከፋፍሎ አልቋል። ከዚያ ወጥተን መኪና ማቆሚያው ላይ ብርዱ እስኪያባርረን ቆመን የምናወራው ደግሞ ስለ አድልዎ ክፋት ነው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ።

አውሮፓውያን ግን እንዲህ ያለ ውድድር አላቸው። በየዓመቱ እያንዳንዱ አገር አንድ ዘፈን ይልካል፤ ሕዝቡ በስልኩ ይመርጣል፤ ለገዛ አገር ዘፋኝ ድምፅ መስጠት ግን አይቻልም። ግሪክ ተቀምጦ ግሪክን ልምረጥ የሚልን ሰው ሥርዓቱ እሺ አይለውም። ለዘፋኟ የሚደርሱላት ባዳዎች ብቻ ናቸው። ከአውሮፓ ውጭ ያለነውም መምረጥ እንችላለን፤ ያውም አንዱ ሰው ደጋግሞ። ይህን ሁሉ የነገሩኝ የአጥር ጎረቤቴ እትዬ እሌኒ ናቸው።

እትዬ እሌኒ ግሪክ ናቸው። እዚህ ሚኒሶታ፣ ሲዋርድ ሰፈር የገቡት እኛ ሳንመጣ ነው፤ ስማቸውም ከእኛ ስም ስለገጠመ እኛ ሰፈርተኞቹ ሐበሾች ሳንጠይቃቸው «እትዬ»ን ጨመርንላቸው፤ እሳቸውም ሳይጠይቁ ተቀበሉን። በረዶ ሲጥል የእኔን ደጅ ቀድመው ይጠርጋሉ፤ እኔም በጾም ወቅት ሽሮ እልካለሁ፤ እንዲህ ነው የምንኖረው። ውድድሩ በደረሰበት ሰሞን ግን እንቅልፍ አጡ። ምክንያቱም ዘንድሮ ግሪክን ወክላ የምትዘፍነው ዳፍኒ የወንድማቸው ልጅ ናት።

የዳፍኒን ነገር ላጫውታችሁ። አባቷ ኮስታ አንዲት የወደብ ከተማ ውስጥ ጫማ ቤት አለው። ልጂቱ የደንበኛ እግር እየለካች ስታንጎራጉር እትዬ እሌኒ ለእረፍት ሄደው ሰሟትና «ይቺ ልጅ ጫማ ስታስለካ ማርጀት የለባትም» ብለው አባቷን ሳያስፈቅዱ አቴና ወስደው የሙዚቃ ትምህርት ቤት አስገቧት። ኮስታ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቱን አኮረፈ። ዳፍኒ በሠርግ ዘፈነች፣ በየምግብ ቤቱ ዘፈነች፣ በቴሌቪዥን ተወዳድራ ወደቀች፤ በመጨረሻ ስላመለጠ መርከብ የዘፈነችው ዘፈን አንድ በጋ ሙሉ በየባሕር ዳርቻው ሲደመጥ ከረመ። ከዚያ በኋላ ዝምታ ሆነ። አንድ ዘፈን ብቻ ያለው ዘፋኝ ምን እንደሚመስል እኛም እናውቃለን፤ በየሠርጉ ያቺኑ እየደጋገመ ከሙሽሮቹ ጋር ያረጃል። ስለዚህ ለዚህ ውድድር ስትመረጥ ለአክስቷ ደውላ እንዲህ አለቻቸው፤ «ይህ ካልተሳካ ወደ ጫማ ቤቱ እመለሳለሁ።»

ተመልከቱ እንግዲህ። የልጂቱ ሙያ በአንድ በኩል፣ የወንድም ኩርፊያ በሌላ በኩል፣ መሐሉ ላይ እትዬ እሌኒ። «ካልሆነላት ኮስታ፣ ልጄን አበላሸሽብኝ ይላል፤ እውነቱንም ነው» አሉኝ በአጥሩ በኩል። አንጀቴን በሉት። «አይዞዎት፣ እኛ አለን» አልኩ። ሐበሻ «እኛ አለን» ካለ ምግብ ይዞ ይመጣል ማለት ነው፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ነው የሚታሰበው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእትዬ እሌኒ ሳሎን ጢም አለ። ኤደን ፕሬሪ ከተማ መጋዘን ውስጥ ፈረቃ የምትመራው ጓደኛዬ ጫልቱ አዛዥነቱን ወሰደች። «ሁላችሁም ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉ! ዘፈኖቹ ሲያልቁ ቮት እናደርጋለን፤ ሊሚቱ እስኪሞላ! ማንም ሰው ስልኩን ኪስ ውስጥ እንዳያስገባ!» አለች። የክብር ወንበሩ ላይ ጋሽ ተስፋይ ተቀመጡ። አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ እዚህ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኛ ከአዲስ አበባዎቹ የጠራ ነው፤ ይህንንም አልፎ አልፎ ያስታውሱናል።

ዳፍኒ ነጭ ለብሳ ወጣችና ዘፈነች። ቃሉ ባይገባንም አለቀስን። ለማልቀስ ደግሞ ሰበብ አናጣም። ዘፈኖቹ ሁሉ አልቀው ምርጫው ተከፈተ ሲባል ግን ሰዓቱ የምግብ ነበር። እጅ ታጠብን። «ብሉ እንጂ»፣ «በሞቴ ይቺን ብቻ»፣ «ኧረ በቃኝ»፣ «እንዴት ይበቃሻል» ስንባባል ጊዜው ሄደ። ጫልቱ ትጮኻለች፤ ማንም ከጉርሻ ፊት ስልክ አያስቀድምም። በመጨረሻ ሳህኑ ተነሳና ሁላችንም ስልካችንን ያዝን። ማን ይጀምር? «አንቺ ጀምሪ»፣ «ኧረ ታላቅ እያለ!» ተባባልን። ጫልቱ ትዕግሥቷ አለቀና «ጋሽ ተስፋይ፣ በቃ እርስዎ ይጀምሩ! የቀረን ጥቂት ደቂቃ ነው!» አለች።

ጋሽ ተስፋይ ስልካቸውንም አዩት፣ ጫልቱንም አዩዋት።

«ሳይመረቅ ይጀመራል እንዴ?» አሉና ተነሡ።

እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኛ ተነሣን። ስልካችንን በየተቀመጥንበት ትተን መዳፋችንን ዘረጋን። እትዬ እሌኒ ነገሩ ደስ ብሏቸው «ለልጄ ልላክላት» ብለው መቅረጽ ጀመሩ። ጋሽ ተስፋይ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ልጃችን ዳፍኒ፣ መንገድሽን ጨርቅ ያድርግልሽ!» አሜን። «ጉሮሮሽን ከብርድ ይጠብቅልሽ!» አሜን። «ከምቀኛ ዓይን ይሰውርሽ!» አሜን። እስከዚህ ድረስ ግሩም ነበር። ከዚያ ግን አክስቷን መረቁ፤ ቤቱን መረቁ፤ ግሪክን ከነደሴቶቿ መረቁ፤ አልፈው «የሌሎቹም ወላጆች ደክመዋል» ብለው ተፎካካሪዎቿን በሙሉ መረቁ። ጫልቱ እጇ ወደ ሰማይ፣ ዓይኗ ወንበሯ ላይ ወደተወችው ስልክ ነው። «ኣሚን» ትላለች፤ ላብ ላብ ይላታል። አንድ ጣት ዝቅ ብታደርግ ሁሉም ያይባታል። በምርቃት መሐል እጁን ያጠፈ ምርቃቱ ይፈስበታል ሲባል ነው ያደግነው። ጋሽ ተስፋይ ወደ ሚኒሶታ ተሻገሩና የዘንድሮውን ክረምት ቀለል እንዲያደርግልን ለመኑ። ያኔ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሰዎቹ ከአሥር ወደ ታች መቁጠር ጀመሩ። እኛ ለክረምቱ አሜን ስንል ምርጫው ተዘጋ።

አንድም ሰው አልመረጠም። ሳሎን ሙሉ ባዳ ተሰብስቦ፣ አንድም።

ዳፍኒ መሐል ላይ ወጣች። የማያሳፍር፣ የማያኮራ ቦታ። እትዬ እሌኒ ሳህኖቻችንን አጥበው መለሱልን፤ ያ ነው የባሰብኝ። አፈርኩ፤ በጣም አፈርኩ። ለጋሽ ተስፋይ ግን ማን ይንገራቸው? ይሉኝታ አፋችንን ያዘው። እሳቸውም ሲሰናበቱ በሩ ላይ ቆም ብለው «ባንመርቃት ኖሮ የመጨረሻ ትወጣ ነበር» አሉ።

በማግስቱ እትዬ እሌኒ አጥሩ ጋ ጠሩኝ። ስልኩ ላይ ዳፍኒ ናት፤ ቀለሟን አጥባ ስትታይ ልጅ ናት። ቪዲዮውን ውጤት ስትጠብቅ አይታዋለች። ሰው ሁሉ «አሸንፊ» ሲላት እንደከረመ፣ ይህ ሽማግሌ ግን ምን እያላት እንደሆነ ማወቅ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ተረጎምኩላት። ጉሮሮዋ ጋ ስደርስ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ ደግሞ «ከብርድ?» ብላ እንደገና ሳቀች። «ለማያውቁኝ ሰዎች ይህን ያህል ከሆንኩ ጫማው ይቆይ» አለች። ቪዲዮውንም ለአባቷ ላከችው።

በመስከረም የዚህ ከተማ ግሪኮች በቤተ ክርስቲያናቸው ግቢ በዓል ሲያደርጉ ዳፍኒን ጠሩ፤ እሷም መጣች፤ እኛም ሄድን። አባቷም አብሯት መጣ፤ እህቱን ሊታረቅ ይሁን ሊወቅስ አልታወቀም፤ ሰላምታው አጭር ነበር። ወደ መድረክ ልትወጣ ስትል ዞር ዞር ብላ ጋሽ ተስፋይን ፈለገችና ጎንበስ አለችላቸው። ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ሙዚቀኞቹ ይጠብቃሉ፤ እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ከጉሮሮ ወደ ግሪክ፣ ከግሪክ ወደ ክረምቱ ሲያመሩ ኮስታ ወደ እህቱ ጠጋ ብሎ በግሪክኛ አንድ ነገር አንሾካሾከ። ምን አለ ብዬ ብጠይቃቸው እትዬ እሌኒ በኋላ ነገሩኝ።

«ይህ ሰውዬ መቼ ነው የሚጨርሰው?» ነው ያለው።

እትዬ እሌኒም መዳፋቸውን እንደዘረጉ፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት፣ «ዝም በልና እጅህን ዘርጋ» አሉት።

ዘረጋ።