ልብስ ሰፊው በዥንጉርጉሩ አበባ ላይ እንደ ዘመቱ

በዘመነ አማት፣ ይኸውም እናቴ ለሁለት ሳምንት ብለው መጥተው በዚያው በነገሡ በሦስተኛው ዓመት፣ ሥዩመ ጓሮ፣ መዋዔ አረም፣ ዐቃቤ ቲማቲም የሆኑት ልብስ ሰፊው ባለቤቴ ከደጃፋቸው ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ስማ ጎረቤት! ዘንድሮ እኔ ቤት ቲማቲም ከገበያ አይገባም። የተረፈኝንም ለእናንተ አድላለሁ!» እኔም ሚስታቸውና ጸሐፌ ትእዛዛቸው ይህን ሰምቼ፣ ወይ ጉዴ፣ አልኩ በሆዴ።

ወእምዝ የቲማቲሙ ቅጠል ተጨማደደ፣ ቢጫም ሆነ፤ የባለቤቴም ፊት አብሮት ጠወለገ። ሰው ፊት ፎክረዋላ! ስለዚህ ክተት ብለው፣ በቀኝ ባለ አካፋውን ወንድሜን፣ በግራ ባለ ባልዲዋን ልጃችንን፣ በኋላም ጥላ ፍለጋ የመጣችውን የጎረቤት ድመት አስከትለው፣ አመድ በተኑ፣ የሳሙና ውኃ ረጩ፣ ቲማቲሙ ግን ወይ ፍንክች!

የግብርና ባለሙያዋም ተጠርታ መጣች፤ መንገደኛ ሁሉ የሚያደንቀውን፣ እናቴም ከአማቻቸው አብልጠው የሚወዱትን፣ ነጭና ሐምራዊ ሸንተረር ያለውን የበረንዳ አበባ ባየች ጊዜ አወጀች፦ «ይሄ ውበት አይደለም፣ በሽታ ነው። ቫይረሱ አበባውን ያዥጎረጉረዋል እንጂ አይገድለውም፤ ቲማቲሙን ግን ይጨርሰዋል። አበባውን የቆረጠው መቀስ ቲማቲሙንም ነክቷል። አበባው ይነቀል!» የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ የእናቴ ግን አበባቸው ሆኖ ተገኘ። መቀሱም ባለቤቴ ራሳቸው አማት ደስ ይበላቸው ብለው ያበረከቱት የልብስ መቀስ ነበረ።

ጀግናውም አካፋ ይዘው እስከ በረንዳው ደረጃ ገሠገሡ፤ እናቴን ባዩ ጊዜ ግን አካፋውን ከኋላቸው ደብቀው ስለ ጤንነታቸው ጠየቁ። እናቴም አወጁ፦ «አንተ ልጅ፣ አካፋህን አይቼዋለሁ። ፎክረህ እንዳታፍር ብዬ፣ አንተ ሱቅ ስትውል ቲማቲምህን የከረከምኩልህ እኔ ነኝ። እንዲህ ከሆነማ ይነቀል!» ብለውም እንባ እያቀረሩ አበባቸውን በገዛ እጃቸው ነቀሉ።

ባለቤቴም አካፋቸውን ጥለው ወደ ጓሮ ዘለቁ፤ ከአጥሩ ሥር፣ እናቴን ወገባቸው አላጎነብስ ብሏቸው መቀሱ ካልደረሰባት ተክል ላይ፣ የበሰለች አንዲት ቲማቲም አገኙ፤ እርሷንም በሁለት እጃቸው ለአማታቸው አቅርበው የመጨረሻውን አዋጅ አስነገሩ፦ «እማማ፣ ሌላ ሁለት ሳምንት ይቆዩልኝ!»

እነሆ፣ ከእንግዲህ ወዲህ መዋዔ አማት ተብለው ይጠሩ፣ ስማቸውም ከአጥር እስከ አጥር ይግነን፤ የዘንድሮውን የወጥ ቲማቲም ግን ከገበያ የገዛሁት እኔ ነኝ።